ለባሌ ማዳመጫ ስንመርጥ

ባሌ ጥፋቱን በሙሉ በጎማው ላይ ጣለው። በዕድሜ ከትዳራችን የሚበልጠውን የልብ ማዳመጫውን አንስቶ፣ ጆሮ ውስጥ ከሚገባው ጫፍ ጀምሮ ደረት ላይ እስከሚያርፈው ክብ ብረት ድረስ በጣቱ እየዳሰሰ፣ "ተመልከቺ፣ ደርቋል። ተሰነጣጥቋል። ድምፁ እኮ በስንጥቁ እየወጣ ነው" ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ጎማው ደርቋል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ላስቲክ ሲያረጅ ምን እንደሚሆን ሐኪም አያስረዳኝም። ግን የእኔም መቀስ አርጅቷል። ጨርቅ አጣምሜ ስቆርጥ "መቀሱ ነው" የምለው አጠገቤ ሰው ካለ ብቻ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባሌ የልጆች ሐኪም ነው፤ ሥራው ደግሞ ልብ ነው። ጉሮሯቸውን ታመው፣ ጉልበታቸውና ክርናቸው አብጦ ከርሞ፣ በመጨረሻ በሽታው ወደ ልባቸው የዘለቀባቸው ልጆች ወደ እሱ ክፍል ይመጣሉ። የልብን በሮች በምስል የሚያሳየው ማሽን ያለው ሌላ ከተማ፣ ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ወረፋውም አያድርስ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚለየው ጆሮ ነው። እሱ "አለባት" ያላት ልጅ ወደ ማሽኑ ትላካለች፤ "ነጻ ናት" ያላት የእናቷን እጅ ይዛ እየዘለለች ወደ ቤቷ ትሄዳለች። የሥራ ባልደረቦቹ ስሙን ትተው "ጆሮ" ነው የሚሉት። ሌላው ያልሰማውን ይሰማል ለማለት ነው።

በዚህ ሳምንት አንዲት ልጅ አዳምጦ "ነጻ ናት" አለ። አጠገቡ የምትሠራው ወጣት ሐኪም፣ ልጅቷ ሸሚዟን ሳትቆልፍ፣ ለመለማመድ ብላ የራሷን ማዳመጫ አሳረፈችባት። እዚያው ምንም አላለችም። እናትና ልጅ ሲወጡ ግን ኮሪደሩ ላይ ደርሳ መለሰቻቸው፤ ከዚያ በሩን ዘግታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ እሱ ያልሰማውን ድምፅ መስማቷን ነገረችው። በማግስቱ ሆስፒታሉ በሙሉ የ"ጆሮ"ን ጆሮ ሲያማ ዋለ። እሱ ብቻ አልሰማም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አለቃው ዘንድ ሄዶ ግን "አዲስ ማዳመጫ እገዛለሁ። በአዲሱም ካልሰማሁ ሰኞ ክፍሉን ለወጣቷ ሐኪም አስረክባለሁ" ብሎ ወጣ። ቤት ገብቶ ለእኔም ይህንኑ ደገመልኝ፤ ከዚያ ምሳውን ሳይበላ ተኛ።

"ታዲያ ጥሩውን ማዳመጫ ከመጥፎው በምን ትለየዋለህ?" አልኩት ሲነሳ።

"በማውቀው ድምፅ ነዋ።"

"የምታውቀው ድምፅ ከየት ይመጣል?"

ደረቴን አየው። በዚህ ዕድሜዬ ወንድ ደረቴን ሲያየኝ እንዲህ ለሥራ ጉዳይ ሆነ።

የተዋወቅነውም በዚሁ ልብ ምክንያት ነው። ልጅ ሆኜ እንደነዚያ ልጆች ታምሜ፣ አንዱ የልቤ በር ጥብቅ ብሎ መዘጋት ትቷል። ከምቱ በኋላ ትንሽ ደም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሲመለስ ቀጭን ድምፅ ያሰማል። ይህን ያወቅኩት ልብስ ፋብሪካ ልቀጠር ስል የጤና ማስረጃ አምጪ ተብዬ ነው። ሐኪሙ ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ ነበር። ብረቱን ደረቴ ላይ አሳረፈና ዝም አለ። ወደ ፊት አጎንብሺ፣ ትንፋሽሽን አውጪና ያዢ አለኝ፤ ያዝኩ፤ አሁንም ዝም አለ። በሆዴ "ይሄ ሰውዬ ዛሬ ሌላ ሥራ የለውም?" አልኩ። በኋላ ቀና ብሎ ያለብኝን በሚገባኝ ቋንቋ አስረዳኝ፤ አሁን አያሰጋም፣ ድምፁ እየረዘመ ከሄደ ግን ያሰጋል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ መሰማት አለበት አለ። በሳምንቱ ሱሪ ላሳጥር ብሎ ሰፈሬ ድረስ መጣ። ሱሪው ምንም አልረዘመበትም ነበር።

ከተጋባን ጀምሮ እሁድ እሁድ ጠዋት ልቤን ይሰማል። ባሌ አፍ ያለው ሰው አይደለም። ጣፋጭ ቃል ከአፉ ከሚወጣ ጥርሱ ቢወልቅ ይቀለዋል። እሁድ ጠዋት ግን ብረቱን በመዳፉ አሙቆ አልጋው ጫፍ ላይ ያስቀምጠኛል። "ያዢ" ሲለኝ ትንፋሼን እይዛለሁ። አንዳንዴ ተንኮል ያምረኝና ቀስ ብዬ እተነፍሳለሁ። ወዲያው ያውቃል። "ነፋስ ነው የምሰማው፣ ሴትዮ። ያዢ አልኩሽ" ይላል። ያቺን ቀጭን ድምፅ ሲያገኛት የታችኛው ከንፈሩ ይንጠለጠላል፣ ዓይኑ ግማሽ ይከደናል፣ እንኳን እኔን ቤቱንም ይረሳል። ያኔ ሳየው ደስ ይለኛል። እኔ ራሴ የማላውቀውን የውስጤን ነገር የሚያውቅ ሰው አለ ብዬ ነው ደስ የሚለኝ።

ይህ እሁድ ከቀረ ወራት ሆነ። መጀመሪያ "ዛሬ ደክሞኛል" አለ፣ ቀጥሎ "ጎማው" አለ፣ ቀጥሎ ምንም ማለት ተወ። እሁድ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነጠላ ጫማዬን በእግሬ ስፈልግ እቆያለሁ፤ ጫማው ፊት ለፊቴ ነው። ናፈቀኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ባሏ አጠገቧ እያንኮራፋ "ባሌ ናፈቀኝ" የምትል ሴት መሳቂያ ናት። ግን ናፈቀኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ካለው የሕክምና ዕቃ ሱቅ ገባን። በሩ ላይ የታጠፉ ተሽከርካሪ ወንበሮችና ክራንቾች ተደግፈዋል፤ ውስጥ የጓንት ካርቶን እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ባለሱቋ ረጋ ያለች፣ ወፍራም መነጽር ያደረገች ሴት ናት።

"ለልጆች ነው ለአዋቂ፣ ዶክተር?" አለችው።

"ሥራው በልጆች ነው። ሙከራው ግን በአዋቂ ነው።"

"አዋቂዋ እኔ ነኝ" አልኳት። "እሱ አዋቂ ብሎኝ ስለማያውቅ ልብ አድርጊልኝ።"

ሳቀች። የወገብ ቀበቶ የሚለካበት ጥግ ላይ መጋረጃ አለ፤ እዚያ በርጩማ አደረገችልኝና ማዳመጫዎቹን በተራ መስታወቱ ላይ ዘረጋች። አንዱ ብረቱ ከባድ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሲያንጠለጥሉት አንገት ይቆርጣል፣ ድምፅ ግን ይሰበስባል አለች። አንዱ ቀላል ነው፣ ለነርሶች ለደም ግፊት ይበቃል፣ ለልብ ግን አልመክርዎትም አለች። የጎማው ማጠር ጥቅም እንዳለው፣ የጆሮው ጫፍ ለስላሳ ካልሆነ የውጭ ጫጫታ እንደሚያስገባ፣ የብረቱ ሰፊው ፊት ለቀጭን ድምፅ፣ ትንሹ ፊት ለወፍራም ድምፅ እንደሆነ፣ ባሌ የማያውቀው ነገር ያለ ይመስል አንድ በአንድ ነገረችው። እሱም ፈተና እንደሚጠብቅ ተማሪ ጸጥ ብሎ አዳመጣት።

ከባዱን አነሳና በርጩማው አጠገብ ተንበረከከ። ብረቱን በመዳፉ አሞቀ። ከሸሚዜ ሁለት ቁልፍ ፈታሁ፣ አጎነበስኩ፣ አወጣሁ፣ ያዝኩ። ቀና ብዬ ሰርቄ ሳየው ግንባሩ ተቋጥሯል። "ቀጣዩን" አለ። ቀጣዩንም ሞከረ። "ቀጣዩን።" ሦስተኛውን ጆሮው ውስጥ ሊያስገባ ሲል ጫፉ ሁለት ጊዜ ከጣቱ አመለጠው፤ እነዚያ ስንት ሕፃን ሳያስለቅሱ የዳሰሱ እጆች ናቸው። አንጀቴን በላው። በሆዴ፣ አንቺ ልብ፣ እባክሽ ጮክ በይ አልኩ።

"አለ" አለ ድንገት። "ይሄኛው ይሻላል። አለ።"

ከንፈሩ ግን አልተንጠለጠለም። ዓይኑም አልተከደነም፤ መጋረጃው የተሰቀለበትን ሽቦ ያይ ነበር።

አራተኛውን ሲያሳርፍ፣ "ያዢ" ሲለኝ፣ አልያዝኩም። በአፌ አየር ሳብኩ፣ ለቀቅኩ። ደግሜ ሳብኩ፣ ለቀቅኩ። ደረቴ ከብረቱ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ቁጣውን ጠበቅኩ። በሕይወቴ የሰው ቁጣ እንደዚያ ቀን ተመኝቼ አላውቅም። ነፋስ ነው የምሰማው በለኝ፣ ሴትዮ በለኝ፣ ደስ ያለህን በለኝ።

ፊቱ በራ። "ይኸውና" አለ። "ጥርት ብሎ። ያቺው ናት፣ ምንም አልተለወጠችም። ይሄን ነው የምንወስደው።"

ዋሸ ብዬ ልቆጣ ነበር፤ ባሌ ዓይን ያወጣ ውሸት ሲዋሽ አውቀዋለሁ፣ አፍንጫውን ያካል። አሁን አላከከም። ሰምቷታል። እኔ እየተነፈስኩ፣ ከልቤ ድምፅ ትንፋሼ በልጦ እያለ፣ እሱ ያቺን ድምፅ ሰምቷታል። ያኔ ነው ስህተታችን የገባኝ። ማዳመጫ የምንፈትነው እሱ በልቡ በሚያውቀው ልብ ነው። እኔ ለባሌ ሱሪ ስሰፋ ሜትር አላነሳም፣ እጄ ያውቀዋል፤ ባሌ ቢከሳም እጄ የሚሰፋው የድሮውን ነው። እሱም የሰማው የድሮዋን ነው። እንዲህ አድርጎ እንደሚያስበኝ አላውቅም ነበር፤ ይህን ሳውቅ ደስም አለኝ፣ አዘንኩም።

ባለሱቋ ካርቶን ፍለጋ ጎንበስ አለች። ባሌ ጎማውን በስስት እየጠቀለለ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ብል ማን ያውቃል? እሁድ ጠዋት ብረቱን አሙቆ ይመጣል፤ እኔም ያዝኩም አልያዝኩም እሱ የድሮዋን ይሰማል፤ ሁለታችንም ደስ ብሎን እንኖራለን። ያን ያህል ናፍቆኝ ስለነበር አፌን መክፈት አቃተኝ። ሰኞ ግን በዚያ ክፍል የሚቀመጡት ልጆች ደረት ለእሱ አዲስ ነው። ከየት አምጥቶ ይሰማቸዋል?

"ትንፋሼን አልያዝኩም ነበር" አልኩት።

"እ?"

ጠጋ ብዬ ደገምኩት። "አልያዝኩም። እየተነፈስኩ ነበር።"

የጠቀለለውን ጎማ ፈታው። ጆሮው ውስጥ መልሶ ሰካው። ከዚያ "እንደገና" አለ። "አንዳንዴ ያዢ፣ አንዳንዴ ተንፍሺ። እኔ እነግርሻለሁ።" ራሱን በራሱ ሊፈትን ነው፤ እንደዚህ ያለ ሰው ነው፣ ለዚህም ነው ያገባሁት።

ትከሻዬ እንዳያሳብቅ ጀርባዬን አድርቄ ተነፈስኩ። "ያዝሽ" አለ። ዝም አልኩ። ያዝኩ። "ተነፈስሽ" አለ። አሁንም ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል እውነቱን ነው የምነግረው፤ ይህን ያውቃል። ሦስተኛውን አልሞከረም። ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው። ባለሱቋ ፊቷን አዙራ፣ የተስተካከሉትን የጓንት ካርቶኖች ታስተካክል ጀመር።

ትንሽ ቆይታ በባትሪ የሚሠራ አመጣች። ድምፅ ያጎላል አለች፤ ጆሯቸው የደከመ ሐኪሞች ይወስዱታል፣ እየለመዱት ይሄዳሉ። ባሌ ሞከረው። የሸሚዜን ጨርቅ፣ የጣቱን እንቅስቃሴ፣ ውጭ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ እንዳጎረሰው ከፊቱ ያስታውቃል። ቢያንስ አራት ጊዜ አንስቶ አሳረፈው።

"ድምፅስ ይሰማኛል" አላት በመጨረሻ። "የቱ የልብ፣ የቱ የትንፋሽ እንደሆነ ግን አልለየውም።"

"እየቆየ ይለመዳል፣ ዶክተር። ትንሽ ልምምድ ነው።"

"በማን ላይ ልለማመድ? በልጆቹ?" አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። መልሶ ካርቶኑ ውስጥ ከተተውና "ሰኞ ክፍሉን አስረክባለሁ" አለኝ፤ ነገ ዳቦ እገዛለሁ በሚባልበት ድምፅ።

ሸሚዜን ልቆልፍ እጄን ስሰድ ያዘኝ።

"የልጆቹስ ይሁን" አለ። "ወጣቷ ሐኪም ከእኔ ትሻላለች፤ እነሱ ሰው አያጡም። እኔን የጨነቀኝ ያንቺ ልብ ነው። ያቺ ድምፅ ብትረዝም በምን አውቃለሁ? ደግሞ..." ቆመ። አፍንጫውን አላከከም። "ደግሞ ትናፍቀኛለች። እሁድ ሲደርስ የት እንደምገባ ነው የሚጠፋኝ።"

ለዚህች ቃል ስንት ዘመን ጠበቅኩ። በመጨረሻ የጓንት ካርቶን ሥር፣ የሰው መጋረጃ ውስጥ፣ ሁለት ቁልፌ እንደተፈታ ተናገራት። ልስቅም ላለቅስም እችል ነበር። ሁለቱንም ትቼ አራተኛውን ማዳመጫ ከጉልበቴ ላይ አነሳሁና የራሴ ጆሮ ውስጥ ሰካሁት።

ልቤን ሰምቼ አላውቅም። በወጣትነታችን አንድ ሁለቴ "እንኪ ስሚው" ብሎኝ ነበር፤ እኔ ወይ ፍንክች። ጎዶሎዬን በገዛ ጆሮዬ ከሰማሁ ሌት ተቀን ስሰማው የምኖር ስለመሰለኝ ነው። አሁንም ፈራሁ።

"ገልብጠሽዋል" አለኝ። ከጆሮዬ አውጥቶ አዞረው። "ጫፉ ወደ አፍንጫሽ ይዙር። ያምሻል?"

"ጠበበኝ።"

ባለሱቋን ጠርቶ ትንንሽ ለስላሳ ጫፎች አስመጣ፤ እየቀያየረ ሰካልኝ፤ በየጫፉ "አሁንስ?" እያለ። የሱቁ ጫጫታ ጭልጥ ብሎ ሲጠፋ "ይሄ ነው" አልኩ። ብረቱን በመዳፉ አሞቀና እሱ በሚያውቀው ቦታ ላይ አሳረፈው፤ ከደረቴ አጥንት በስተግራ። እጁን አላነሳም።

"አጎንብሺ። አውጪ። ያዢ።"

መጀመሪያ ምቱን ብቻ ሰማሁ፤ ሁለት ሁለት እያለ፣ ከገመትኩት በላይ ቅርብ፣ ከገመትኩት በላይ ትጉህ። ልቤ እንዲህ እንደሚሠራ አላውቅም ነበር፤ አዘንኩለት። ሌላ ነገር የለም ልለው ስል ትንፋሼ አለቀ። ደግመን ያዝን። ደግመን ለቀቅን። በሦስተኛው አገኘኋት።

"አለች" አልኩት። ቶሎ ብዬ ደግሜ ጮክ አልኩለት። "አለች።"

"የት ጋ?"

"ከሁለተኛው ምት በኋላ።"

"ምን ትመስላለች?"

"ሰው ትኩስ ሻይ ቀስ ብሎ እፍ ሲል። እናት ለልጇ ስታበርድ፣ እንደዚያ።"

ዓይኑን ጨፈነ። "እስከሚቀጥለው ምት ትደርሳለች? ደህና አድርገሽ ስሚ። ይሄ ነው ዋናው።"

ያዝኩ። ጆሮዬን እስኪያመኝ አዳመጥኩ። "አትደርስም። መሃል መንገድ ላይ ትጠፋለች።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"መሃል ላይ ነው የምትጠፋው። ከዚያ ጸጥታ አለ፣ ከዚያ ሌላው ምት ይመጣል።"

"እንደ ድሮዋ ናት" አለ። ትከሻው ሲወርድ አየሁት፤ ስንት ወር ሙሉ ይህን ሥጋት ተሸክሞ እንደኖረ ያን ጊዜ ገባኝ። ለካ እሁድ እሁድ ከእኔ የሚሸሸው ጎማው ደርቆ ሳይሆን፣ ሕመሜ ቢብስ ሳይሰማው እንዳይቀር ፈርቶ ነበር።

ባለሱቋ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ "ታዲያ የትኛውን ልጠቅልልላችሁ?" አለች። አልሰማትም። እኔ ጆሮዬ ውስጥ ያለውን በጣቴ አሳየኋት፤ ገብቷት ተመለሰች።

ባሌ በርጩማው አጠገብ እንደተንበረከከ፣ እጁ ደረቴ ላይ እንዳለ፣ ዓይኑን አልገለጠም። ከንፈሩ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ።

"እስቲ እንደገና ንገሪኝ" አለ። "ከመጀመሪያው ምት ጀምረሽ።"

አጎነበስኩ፣ አወጣሁ፣ ያዝኩ። ከዚያም ከመጀመሪያው ምት ጀምሬ ነገርኩት።